ባለ ሌንሱ ወንድም

በየቤተሰቡ አንድ አለ፤ እኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ራሱ ነው ማለት ነው። ሠርግ ሲሆን ከሙሽሮቹ የበለጠ ጓዝ ይዞ ይመጣል። ልጅ ሲወለድ እናትየዋን እንኳን ደስ አለሽ ከማለቱ በፊት መጋረጃውን ይከፍታል።

በዚህኛው ቤት ሹመቱን የያዙት የአንዲት ልብስ ሰፊ ታላቅ ወንድም ናቸው። መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ እቤት ግን ክቡር ፎቶግራፈር። በእሷ ሠርግ ቢላው ኬኩ ላይ እንደተሰካ እንግዳው ሁሉ ቆሞ ጠብቋቸዋል። "አንዴ ቆዩኝ፣ ብርሃኑ አልመጣልኝም!" ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ሲራመድ ሌንስ እየቀየሩ ነበር። ቀና ሲሉ ሕፃኑ ተቀምጧል። "የኔ ጌታ፣ እስቲ ከበሩ ጀምረህ ድገምልኝ" አሉት።

ፎቷቸው ጥራቱ አይጣል ነው! የሁሉም የቅንድብ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰዎቹ ግን ጥፋት ሠርተው የተያዙ ነው የሚመስሉት። አንድ ሰው ሞባይሉን ቢያወጣ ደግሞ ጉድ ይፈላል፤ "ስልክ ለመደወያ ነው!"

ባለፈው ሰሞን ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባታቸው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ መንጋጋቸው ላይ የወጣው እባጭ በማግስቱ በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው ነው። ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነግራቸዋለች፦ ነርቩ ከተነካ ሳቃቸው እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ልብስ ሰፊዋ ፈራች። አባቷ ሲስቁ መጀመሪያ ትከሻቸው ይነቃነቃል፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ድምፁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ያ ሳቅ ያለበት አንድም ፎቶ የላትም።

"ጋሼ፣ አባባ ሲስቁ አንሳልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ለእኔ ተይው" አሉ ክቡርነታቸው።

ሁለት ሻንጣ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና አንድ የብርሃን ማለዘቢያ ነጭ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ሶፋው ተገፋ፣ ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ተሸፈነ፣ አባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"አባባ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። በጣም አይደለም። አሁን ይሳቁ።"

"በምን ልሳቅ?"

"ዝም ብለው ይሳቁ... አንዴ ቆዩኝ፣ ብርሃኑ አልመጣልኝም።"

ጃንጥላው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመላለሰ። አባት ጉንጫቸውን ያዝ ማድረግ ጀመሩ። የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። "ደከማቸው እኮ! እንደ ምንም አንሳቸውና ልቀቃቸው!"

በመጨረሻ ብርሃኑ መጣ። ክቡርነታቸው ተጫኑት። ምንም የለም። ደግመው ተጫኑት። የካሜራውን ጀርባ ገልበጥ አድርገው አዩና ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ሦስት ሌንስ፣ ሁለት ፍላሽ፣ መጠባበቂያ ባትሪ ተሸክመው፣ ፎቶው የሚቀመጥባትን ጥፍር የምታህል ካርድ ኮምፒውተራቸው ላይ እንደሰኳት ትተዋት መጥተዋል። እዚያው ላይ ክቡርነታቸው ቀረና ወንድሟ ብቻ ሆነ።

"አባባ... ካርዱን ረስቼዋለሁ።"

አባት ልጃቸውን አዩ፣ ሻንጣዎቹን አዩ፣ ጃንጥላውን አዩ።

"እኔ በሾፌርነት ዘመኔ" አሉ፣ "ብዙ ነገር ረስቻለሁ። መኪናውን ረስቼ ግን መንገድ ወጥቼ አላውቅም።"

ትከሻቸው ተነቃነቀ። ወንድሟ ሊያኮርፍ ሞከረ፣ አልቻለም። በርጩማው ሥር ዘጭ ብሎ ራሱን የአባቱ ጉልበት ላይ ጣለና ይንፈቀፈቅ ጀመር። ይሳቅ ያልቅስ አልለየላትም። እሷም እየሳቀች መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን አወጣችና ተጫነችው።

"እስቲ አምጪው" አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። "እጅሽ ተንቀጥቅጧል። መስኮቱ ከኋላ ሆኗል። ፎከሱም..."

ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። አባቱ ዓይናቸው እስኪጠፋ ስቀዋል። ከሥራቸው ደግሞ አፉን የከፈተ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ አንድ ጎልማሳ አለ። ካሜራ ከያዘ ወዲህ ይህ ቤተሰብ በተነሳው ፎቶ ሁሉ ውስጥ እሱ ያለበት የመጀመሪያው ነው።

ስልኩን ቶሎ አልመለሰላትም።

"ላኪልኝ" አለ። "ምኑንም እንዳታስተካክይ።"