አይሆንም ያልተባለው መምህር

እንግሊዞች «ዬት» የምትባል ትንሽ ቃል አለቻቸው። «ኖት» የምትባል አጃቢ ሰጥተው ከነገሩ ጅራት ላይ ይቀጥሏታል። አውቶቡሱ መጣ ወይ? «ኖት ዬት»። እኛ «ገና» ብለን እንገላገላለን። አልመጣም ማለት ነው፤ አይመጣም ማለት ግን አይደለም። ልብ በሉልኝ፣ በዚህች ልዩነት ውስጥ ስንቱ ሰው ቤት ሠርቶ ይኖራል።

ይህን ያወቅሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ዲላ ሒሳብ ሳስተምር ነው። ከጎኔ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምረው የሸዋ ሰው ታደሰ፣ አንድ ቤት አብረን ተከራይተን የምንኖር ጓደኛዬ ነበር። የክፍላችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ትምህርቱ ለእኔም ይደርሰኛል። «ኖት ዬት ካሉህ ተስፋ አለህ» እያለ ሲጮህ፣ የእኔ ተማሪዎች መደመራቸውን ትተው አብረው «ኖት ዬት» ይላሉ።

ታዲያ ይኸው ሰው የጪጩውን የቡና ገበሬ የአቶ ወራሳን ልጅ፣ ማርታን ወደደ። እሷም አልጠላችውም። አከራያችን አቶ ጅግሶና እኔ ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ ለእኔ ዕድሜዬ ባይፈቅድ ካፖርቴ ፈቀደልኝ። አቶ ወራሳ በክብር ተቀበሉን፤ ቆጮም ቀረበ። ጉዳያችንን ሰምተው ሲያበቁ፣ ከእንሰቱ መሃል የቆመውን ቡና በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ማርታ ገና ነው። ቡናውም ገና አልቀላም» አሉ።

መልሱን ስነግረው የታደሰ ፊት ጠቆረ። «በቃ፣ እንቢ ብለውኛል» ብሎ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተተ። በማግስቱ ሸዋ ሄዶ ዝውውር ሊጠይቅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ።

«ስማ፣ ዓመቱን ሙሉ በግድግዳ በኩል ስታደነቁረኝ የከረምከውን አንተ አልሰማኸውም? ሰውየው አይሆንም አሉ?»

«አላሉም።»

አቶ ጅግሶ ከበሩ ላይ ሆነው ሳቁ። «ወራሳ ባይፈልግ ልጅ የለኝም ይል ነበር። ቡና አልቀላም ካለ፣ ሲቀላ ና ማለት ነው። እኛ ጋ ቀጠሮ እንዲህ ነው።»

ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ። ያን ክረምት ታደሰ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጪጩ እየሄደ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሰው ቡና ሲመለከት ይውላል። ዝናብ ሲበዛ የሚጨነቀው ከገበሬው ይልቅ እሱ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ አልቸኮለም፣ አልተኛምም። ፍሬው ሲቀላ ተመልሰን ሄድን። አቶ ወራሳ እስክንቀመጥ እንኳ አልጠበቁም።

«ምነው ቆያችሁ? ማርታ መንገድ መንገድ ሲያይ ሰነበተ» አሉን፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው።

ሠርጉ ላይ አቶ ጅግሶ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተስ፣ መቼ ነው?» አሉኝ። «ገና ነው» አልኳቸው። ዛሬ ታደሰና ማርታ የልጅ ልጅ አይተዋል። እኔም ፀጉሬ ሸብቷል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን መልሴ ያው ነው። የሚስቁብኝ አሉ። እንግሊዝኛ ባይማሩ ነው።