ጾም የገደፈው ጃኩዚ

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፥ በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፥ ጃኩዚው በሱሉልታው ቤት ውስጥ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፥ ዐቢይ ጾም በተጋመሰ ጊዜ፥ የውሃው ሁኔታ ይህ ነበረ። ሙቀቱ ሠላሳ አራት ዲግሪ ደርሶ ከዚያ በላይ አልወጣም አለ፤ መልኩ አጥሚት መሰለ፤ እጁን የነከረ ሰው ከአንጓው በታች ጣቶቹን አያይም ነበር፤ በገንዳው ግድግዳ ላይ በውሃው ልክ ቢጫ ቅባት ዙሪያውን እንደ መቀነት ታጥቆ ነበር፤ ፓምፑም ድንጋይ ጭኖ ዳገት እንደያዘ መኪና ያቃስት ነበር።

ያን ጊዜ የቤቱ ጌታ ኦቦ ሞቱማ፥ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፥ ሥዩመ ገንዳ ወመጋቤ ክሎሪን፥ ማጣሪያውን ለሰው ሳይሰጡ በገዛ እጃቸው የሚያጥቡ፥ የአምራቹን መመሪያ ከነማስጠንቀቂያው ያነበቡ፥ ተነሡ። ገንዳውን ያስገቡት ለራሳቸው ምቾት አልነበረም። የባለቤታቸው የወይዘሮ ጠጅቱ እናት፥ እማማ የሺወርቅ ዘጫንጮ፥ ጉልበታቸው በብርድ ተይዞ፥ ባለፉት ሁለት ዓመታት በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ እሳቸው ቆመው አልቅሰው ነበርና፥ በሙቅ ውሃ ተፍታተው እንደገና ይሰግዱ ዘንድ ነው። ስቅለትም እየቀረበ ነበር።

የውሃው ደዌ ምንጩ ግልጽ ነበር። እማማ የሺወርቅ ወደ ገንዳው ከመግባታቸው በፊት ጉልበታቸውን በለጋ ቅቤ ይታሹ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት ሥርዓት አማች አማቱን ፊት ለፊት አይወቅስም፥ አማትም ከአማቿ ጋር ቃል አትመላለስም። ስለዚህ ኦቦ ሞቱማ በኮሪደሩ መካከል ቆመው ለሁሉ አወጁ።

«በዚህ ጣሪያ ሥር ያለህ፥ ሰውም ሁን ውሻ፥ ስማ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፥ አልጠይቅምም። ከዛሬ ጀምሮ ቅቤ የነካው ገላ ጃኩዚ አይግባ።»

እማማ የሺወርቅም ከክፍላቸው ሆነው፥ በደጃቸው ለተኛው ውሻ መልሰው አወጁ።

«ቲቶዬ፥ ሰማህ? ቅቤህን ተው ተብለሃል። ለመድኃኒት ነው ብትል የሚሰማህ የለም።»

ከዚህም በኋላ ኦቦ ሞቱማ ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ። በቀኝ ሊቀ ቧንቧ ወንዲ ዘቡራዩ፥ ባለ ብዙ መፍቻ፥ በሚኒባስ ሁለት ጊዜ ተሳፍሮ የመጣ፤ በግራ ጎረቤታቸው ያደታ፥ ምክር እንጂ ሌላ ነገር ይዞ የማያውቅ፤ በስተኋላም ማንም ሳይጠራው ቲቶ ነበረ። ያደታ ውሃውን አይቶ፥ በዚህ ግቢ ጾሙን የገደፈው ጃኩዚው ብቻ ነው አለ። ማንም አልሳቀም፤ ወይዘሮ ጠጅቱ ግን ፈጥነው ወደ ጓዳ ገቡ፥ ትከሻቸውም ሲንቀጠቀጥ ታየ።

ወንዲ ማጣሪያውን አውጥቶ ቅቤውን በጥፍሩ ከፋቀ በኋላ፥ ውሃው በሙሉ ካልተለቀቀ መፍትሔ የለም ብሎ ፈረደ፤ እጁንም ወደ ፍሳሽ መውረጃው ሲዘረጋ የእማማ የሺወርቅ ሁለተኛው አዋጅ መጣ።

«ቲቶ፥ እኔ በእጄ ጠበል የጨመርሁበት ውሃ ሽንት ቤት ሲወርድ ከማይ፥ ዛሬውኑ ጫንጮ ብመለስ ይሻለኛል። እዚያ ቢበርደኝም ኃጢአት አይሆንብኝም።»

እውነትም ገንዳው በተመረቀ ዕለት ከእንጦጦ የመጣ አንድ ጠርሙስ ጠበል አፍስሰውበት ነበር። ወንዲ እጁን ሰበሰበ። ኦቦ ሞቱማም ሥርዓት ሠሩ። ክሎሪን እንዳይጨመር፥ ክዳኑ እንዲነሣ፥ በውሃ ውስጥ ክሎሪን ሲኖር የሚቀላው መለኪያ ወረቀት ሳይቀላ እስኪቀር ድረስ እንዲጠበቅ፤ ያን ጊዜም ውሃው በጎማ ወጥቶ፥ ከቤቱ ጀርባ እግር ከማይረግጠው ከጥዱ ሥር እንዲፈስ አዘዙ።

ቀኑ ሲደርስ ግን ፓምፑ በቅቤ ታንቆ ዝም አለ። ግቢው ከቤቱ ወለል ዝቅ ስለሚል፥ አንድ ሰው ጎማውን በአፉ ቢስበው ውሃው ከዚያ በኋላ በራሱ ይወርድ ነበር። ኦቦ ሞቱማ ወንዲን አዩ፤ ወንዲም፥ «ጋሼ፥ እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ» አለ። ያደታ ቡራዩ ቀጠሮ እንዳለው በዚያች ሰዓት ትዝ አለው።

ስለዚህ ሥዩመ ገንዳ ራሳቸው ወደ በረንዳው ደረጃ ወጡ። ጎማው ሁለት ቁራጭ ነበርና፥ ከገንዳው የመጣውን ቁራጭ መጋጠሚያው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። ነፋስ መጣ። ዳግመኛ ሳቡ። ውሃው ጎማውን እያንፈራፈረ መጣ፥ ከተጠራውም በላይ መጣ፥ አፋቸውንም ሞላው። ወንዲ ሁለተኛውን ቁራጭ ገጥሞ ማሰሪያውን እስኪያጠብቅ ድረስ ኦቦ ሞቱማ መጋጠሚያውን መልቀቅ ስላልቻሉ ካሉበት አልተነቃነቁም፥ ጉንጫቸው እንደ መለከት ነፊ ተወጥሮ ቆሙ። ቢውጡት ቅቤ ነው፥ ሁዳዴ ይገደፋል፤ ቢተፉት ጠበል ነው፥ ቤተሰቡ ሁሉ በሚረግጠው ደረጃ ላይ ይፈሳል። ወይዘሮ ጠጅቱ ከጓዳ ወጡ፥ በዚህ ጊዜ ግን አልሳቁም።

እማማ የሺወርቅ በመስኮቱ በኩል ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። ጠበሉ አላግባብ ቢፈስ ጫንጮ ለመሄድ የለበሱትን ነጠላ እንዳጣፉ፥ በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ፤ ቲቶ ተነሥቶ ጠበቃቸው፥ እሳቸው ግን ውሻውን አልፈው አማቻቸውን ፊት ለፊት አዩ።

«ዋጠው ልጄ። ጠበሉ ከቅቤው ይበልጣል።»

ኦቦ ሞቱማ ዋጡ።

ውሃው እስኪመሽ ድረስ ወደ ጥዱ ሥር ፈሰሰ። ገንዳው በሳሙና ታሸ፥ ማጣሪያውም ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ሌሊቱን አደረ፥ የቧንቧ ውሃ በፈረቃው ሲመጣ ገንዳው ተሞላ። እማማ የሺወርቅም፥ ቅቤ ከገንዳ በኋላ እንጂ በፊት እንዳይሆን ራሳቸው ደነገጉ፤ ይህንንም ለአማቻቸው በአፋቸው ነገሩ። የኦቦ ሞቱማ ንስሐ አባት ነገሩን ሰምተው ቀኖና አልሰጡም፤ ፊታቸውን አዙረው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ሳሉ።

ስለዚህ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፥ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ገንዳ ያለው ሁሉ የኦቦ ሞቱማን ስም በክብር ያንሣ፤ አማታቸውን ሳይወቅሱ ውሃቸውን ያጠሩ፥ ጠበሉን ሳያስረግጡ ገንዳውን ያራቆቱ፥ የሠራዊታቸውን ጽዋ ብቻቸውን የጠጡ ናቸውና። በስቅለት ዋዜማ የውሃው ሙቀት ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነበር። በማግሥቱ እማማ የሺወርቅ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰገዱ፤ ከአሥራ ሁለቱ በአሥሩ ያለ ደጋፊ ተነሡ።