ሶኬቱን ማን ነቀለው?

(የድንገተኛ ክፍል መቀበያ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ከብዙ መለማመጥ በኋላ የሚሠራ አንድ ሶኬት። ጠረጴዛው ላይ ያጎነበሰው ወጣት ነርስ ነው። ኢንፌክሽን ወደ ደማቸው የገባባቸውን ሕፃናት ቶሎ ለይቶ ምን እንደሚደረግ የሚጠቁም ታብሌት ተሰጥቶት፣ እዚሁ ሆስፒታል ሦስት ቀን ከሰለጠነ ወዲህ አፉን በከፈተ ቁጥር «በስልጠናው» ስለሚል ስሙ ስልጠና ሆኖ ቀርቷል። ፊት ለፊቱ የቆሙት የበሽተኛ ጋሪ የሚገፉት ጋሽ ጋሪ ናቸው። ቅድም እዚህ ወንበር ላይ የሰባት ወር ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። ጋሽ ጋሪ ሕፃኑን አንዴ አይተው፣ ምንም ሳይሉ እናትና ልጅን በጋሪያቸው ቀጣዩ ክፍል ሲስተሯ ዘንድ አድርሰው ተመልሰዋል። ስልጠና ይህን ሁሉ አላየም። የሚያየው ታብሌቱን ነው፤ የታብሌቱ ባትሪ ደግሞ እያለቀ ነው።)

ስልጠና፦ (ቀና ሳይል) እኮ ሶኬቱን ማን ነቀለው?

ጋሽ ጋሪ፦ እኔ ነኝ አልኩህ እኮ።

ስልጠና፦ ለምን?

ጋሽ ጋሪ፦ ለሌላ ነገር ተፈልጎ። ያ ሕፃን እኮ...

ስልጠና፦ ስልክዎን ሊሞሉ! ሕይወት የሚያድን መሣሪያ ነቅሎ ስልክ!

ጋሽ ጋሪ፦ የምን ስልክ? እስቲ ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ እየው።

ስልጠና፦ ገመድ የምከተልበት ጊዜ የለኝም! አሥራ ሁለት በመቶ ነው የቀረው። በስልጠናው ምን ተባልን? «እያንዳንዷ ደቂቃ ለሕፃኑ ዕድሜ ናት።»

ጋሽ ጋሪ፦ እኔም እኮ እሱን ብዬ...

ስልጠና፦ ጋሼ፣ ከተጠየቁት ውጭ አይናገሩ! እናትየዋ ደንግጣ ነው መሰለኝ ድምጿ አይሰማም። እርስዎ ይመልሱልኝ፤ ይቀመጡ።

(ጋሽ ጋሪ እናትየዋ በተነሣችበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ስለዋሉ ወንበሩን አልጠሉትም።)

ስልጠና፦ ይጠባል?

ጋሽ ጋሪ፦ ማን?

ስልጠና፦ ወንበሩ ላይ ያለው!

ጋሽ ጋሪ፦ ኧረ እሱ ድሮ ቀርቷል!

ስልጠና፦ (እየጻፈ) «መጥባት አቁሟል።» ክፉ ምልክት! ክብደት?

ጋሽ ጋሪ፦ ስድሳ ሁለት።

ስልጠና፦ ስድስት ነጥብ ሁለት ይባላል። አንዲት ነጥብ ሰው ትገድላለች ጋሼ! ሲጠሩት ቶሎ ይዞራል?

ጋሽ ጋሪ፦ እንደ ጠሪው ነው።

ስልጠና፦ «ንቃቱ ይዋዥቃል።» ጣት!

(ሳያይ እጁን ይዘረጋል። ጋሽ ጋሪም ይሰጡታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ የገፋ ጣት። ስልጠና የልብ ምትና የኦክስጅን መለኪያውን ይቆነጥጥበታል።)

ስልጠና፦ ኧረ ቆዳው! ቅርፊት ሆኗል እኮ! ይሄ ልጅ ፈሳሽ አልቆበታል።

ጋሽ ጋሪ፦ ቅባት ነገር ብታዙልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስልጠና፦ ዝም ይበሉ፣ እየቆጠረ ነው! የልብ ምት... ሃምሳ ስምንት? የሰባት ወር ልጅ ሃምሳ ስምንት? (ታብሌቱ ቀይ አብርቶ ይጮኻል።) ጋሼ! ልጁ እጃችን ላይ ሊሞት ነው!

ጋሽ ጋሪ፦ (ብድግ ብለው) ምነው? አሁን ትቼው መጣሁ እኮ! የቱ ልጅ?

ስልጠና፦ ይሄ! ጣቱን የያዝኩት!

ጋሽ ጋሪ፦ (ተመልሰው እየተቀመጡ) እፎይ! አስደነገጥከኝ። ይሄማ እኔ ነኝ።

(ስልጠና የሕፃኑን ካርድ ከተቀበለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ይላል። ጣቱን ያያል። ከጣቱ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ሸበተው ጢም ይደርሳል።)

ስልጠና፦ ሕ... ሕፃኑስ?

ጋሽ ጋሪ፦ ሲስተር ጋ ነዋ። ስንቴ ልነግርህ ስጀምር ጆሮ ዳባ ልበስ አልከኝ።

ስልጠና፦ (ከታብሌቱ ያነባል) «ኦክስጅን ይጀመር።»

ጋሽ ጋሪ፦ ሶኬቱን ማን ነቀለው ስትለኝ አልነበር? የኦክስጅኑ ማሽን ነው። የእነሱ ክፍል ሶኬት ከሞተ ወር አለፈው።

ስልጠና፦ «የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ሳይዘገይ ይሰጥ።»

ጋሽ ጋሪ፦ አንተ ክብደቴን ስትቀንስ ሲስተር እየሰጠችው ነበር።

ስልጠና፦ «ሐኪም ይጠራ።»

ጋሽ ጋሪ፦ አጠገቡ ቆሟል።

ስልጠና፦ እርስዎ... በምን አወቁ?

ጋሽ ጋሪ፦ በስልጠናው።

ስልጠና፦ በየትኛው ስልጠና?

ጋሽ ጋሪ፦ በአንተው! ወንበሩን የደረደርኩት እኔ አልነበርኩ? አሰልጣኟ ገና ስትጀምር፣ «ታብሌቱን ከመክፈታችሁ በፊት ልጁን እዩት። ዝም ካለ፣ ከዛለ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ሩጡ። ታብሌቱ እየሮጣችሁ እንዳትሳሳቱ ነው» አለች። አንተ ያኔ ኮፍያና ቦርሳ ለመቀበል ውጭ ተሰልፈህ ነበር።

ስልጠና፦ (የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ) «ሕፃኑን አይተውታል?» ይላል... ሁልጊዜ «አዎ» ብዬ ነው የማልፈው።

(ከቀጣዩ ክፍል የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። መጀመሪያ ቀጭን ነው፤ ከዚያ እየተቆጣ ይሄዳል።)

ስልጠና፦ ምን ሆነ?

ጋሽ ጋሪ፦ (ወደ ቀጣዩ ክፍል እየጠቆሙ) አለቀሰ! ተመስገን! ቅድም እኮ ዝንብ ዓይኑ ላይ ስታርፍበት እንኳ እንዲህ አላለም። አንጀቴን ነበር የበላው። ሂድ፣ ሂድ እየው!

ስልጠና፦ (ታብሌቱን እያነሣ) እሺ፣ ለቅሶውን ላስገባና...

ጋሽ ጋሪ፦ በባዶ እጅህ!

(ስልጠና ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሮጣል። መቆንጠጫው ግን ከጋሽ ጋሪ ጣት አልወጣም። ታብሌቱ እንደገና ይጮኻል። ጋሽ ጋሪ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ያነባሉ።)

ጋሽ ጋሪ፦ «ሕመምተኛውን... ጥለው... አይሂዱ።» (ታብሌቱን ቸብ ቸብ እያደረጉ) ተዪው እቴ! ዛሬ ገና መሰልጠኑ ነው።