ጉበት የገደፈው ጾም

ሰው የሌላውን ኪስ አላውቅም ይላል፤ የሌላውን ሆድ ግን አላውቅም ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ጎረቤታችሁ ከሳ ካላችሁ «አይበላማ!»፣ ወፈረ ካላችሁ «ምን ያድርግ፣ ይበላል» ነው መልሱ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚባለውም ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ሆድ ነው። እኔም በዚህ ሙያ የተካንኩ ነበርኩ። ከሁሉ የከፋውን ፍርድ የሰጠሁት በገዛ ወንድሜ ላይ ስለሆነ፣ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ታላቅ ወንድሜ አያ ደምሌ ሞጣ ይኖራሉ፤ እኔ ብቸና አስተምራለሁ። አያ ዕድሜ ልካቸውን ማር ነጋዴ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት «ስኳር አለብዎት» ሲባሉ ሰፈሩ ሁሉ «ማሩ ነዋ!» አለ፤ ሐኪሙ የማር ጉዳይ አይደለም ቢል ማን ይስማው። ክኒናቸውን ይውጣሉ፤ ማታና ጠዋት ጣታቸውን ወግተው ከክብሪት ቀፎ ብዙም በማትበልጥ መለኪያ ይለካሉ፤ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ይጽፋሉ።

ባለፈው ሁዳዴ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

«ኧረ ድረስልኝ! ወንድምህ ጾም መግደፍ ጀምረዋል።»

«ሲበሉ አዩዋቸው?»

«እኔማ አላየሁም። መለኪያው ነው ያየው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ማታ ሲተኙ ሲለኩ አንድ መቶ ሠላሳ ነው። ከዚያ እህል ውሃ ሳይሉ ያድራሉ። ጠዋት ሲለኩ አንድ መቶ ሰማንያ! እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ተኝቶ ያደረ ሰው ሃምሳውን ከየት አመጣው? ጓዳው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ማር ነው፤ ማር የጾም ቢሆንም ሌሊት ተነሥቶ መላስ መግደፍ ነው። ማር የቆረጠ እጁን ሳይልስ አይቀርም። ከብቸና ተሳፍሬ ገና ግንደወይን ሳልደርስ ፍርዱን ጨርሼው ነበር።

«አያ፣ ሰው ነዎት፤ ቢሳሳቱ አይገርምም» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። ማጽናናቴ እኮ ነው!

አያ የማኅበራቸው ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ ሰው በእሳቸው የሚምል። ትክ ብለው አዩኝ።

«በስድሳ ሁለት ዓመቴ ማር ሰርቄ ልበላ? ያውም የገዛ ማሬን?» አሉ። «በል፣ ዛሬ ጓዳውን ቆልፈህ ከፊቱ ተኛ።»

ቆለፍኩ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት፤ ፍራሼን ከጓዳው በር ላይ አነጠፍኩ። እንኳን ሰው ድመት አላለፈም። ሲነጋ አያ ተለኩ፤ ሁለት መቶ አሥር።

አንገቴን ዳበስኩ፤ ቁልፉ አለ። እትዬ ዘነቡ አማተቡ። አሁን «ለካ አልበሉም!» ያልን ይመስላችኋል? የለም። «በየት በኩል ገቡ?» ነው ያልነው። መሣሪያ አይዋሽማ! ሰው ቢምል ቢገዘት እንጠረጥራለን፤ ቁጥር ሲናገር ግን ቆመን እንሰማለን። የባሰው ነገር አያ ራሳቸው ማመናቸው ነው።

«ተኝቼ እየሄድኩ በልቼ ይሆን? እኔንጃ» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ሙሴነቱንም ለሌላ እለቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ማታም አልበላም።»

ያልበሉትን ዕዳ መክፈል ማለት ይኼ ነው። ደግሞም ክኒን እየዋጡ ጨርሶ አለመብላት ሰው እንደሚጥል አውቃለሁ። ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርጄ፣ አያን እየጎተትኩ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው።

ወረፋ ስንጠብቅ የአያ የገበያ ወዳጅ ሐጂ ኑሩ አጠገባችን ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ስኳር አለባቸው። ነገሩን ሰምተው ከት ብለው ሳቁ።

«እኔንም በረመዳን ባለቤቴ እንዲሁ ጠርጥራኝ ነበር። ግባና ሲስተሯን ጠይቅ፤ ሌባው ሌላ ነው።»

ሲስተሯ ልጅ እግር ናት። ቀን መቁጠሪያውን አገላብጣ አየችና «አባባ፣ እርስዎ አልበሉም። ጉበትዎ ነው» አለች።

«ጉበቴ ደግሞ ምን አደረገ?»

አስረዳችን። ጉበት ከበላነው ላይ ስኳር ያስቀምጣል። ሊነጋጋ ሲል ሆርሞን የሚባሉት መልእክተኞች ከየዕጢው ይላኩና «ሰውየው ሊነሣ ነው፣ ስንቅ አውጣ» ይሉታል፤ እሱም ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ሰዶ ያስተካክለዋል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ኢንሱሊኑ ወይ ያንሳል ወይ ሰሚ ያጣል፤ ስለዚህ ሰውየው ሳይበላ ቁጥሩ ወጥቶ ያድራል። ይህ ጉበት ሁዳዴም አያውቅ፣ ረመዳንም አያውቅ።

አያ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ታዲያ ጓዳው በተቆለፈ ቀን ለምን ባሰ?» አልኩ እኔ።

«ተናደው ነበር?» አለቻቸው ሲስተሯ።

አያ ዞረው እኔን አዩ።

«ንዴትና ሐሳብም እነዚያኑ ሆርሞኖች ያስነሣል» አለች ሲስተሯ። «ጉበት ጠላት የመጣ ይመስለውና ያለውን ይዘረግፋል።»

አያችሁ? ሃምሳውን ጉበት ነው ያወጣው። ሠላሳዋ የኔ ናት።

ሲስተሯ ራት እንዳይተዉ አስጠነቀቀቻቸው፤ ክኒኑን ሐኪሙ እንዲያይላቸው አደረገች፤ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ ብላ ሸኘችን። ንስሐ አባታቸው ያንኑ ቀን «ለታመመ ተፈቅዷል ብዬ ስንት ዓመት ልጩህ?» ብለው ተቆጧቸው። ሙሴነቱም ባለበት ጸና። የቀረው የኔ ዕዳ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ አያ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«በድያለሁ፤ ይማሩኝ።»

አያ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጣታቸውን ወጉ፤ ጠብታዋን መለኪያው ላይ አስነኩ። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ሰው ይይልኝ ብዬ ትልቁን መርጬ ያመጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

«አንድ መቶ አርባ!» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸው በርቶ። «ወርዷል!»

«እሰይ! እንግዲህ ላስቀምጠው?»

«አስቀምጥ፣ ምሬሃለሁ» አሉ አያ። «ግን ሩቅ እንዳትጥለው። ነገ ጠዋትም ይዘኸው ትመጣለህ።»