ለመቀመጥ የሚገዛ ጫማ

ደረሰ፦ ቁጭ ብዬ ለምውልበት ነገር ጫማ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? ጫማ ለመሄድ ነው።

ተኪኤ፦ የማታውቀው እሱን ነው። የሚሄድ ሰው እግሩ በራሱ ይሞቃል። ጫማ የሚያስፈልገው ለተቀማጭ ነው።

[ሚኒሶታ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የምትባል ከተማ፣ የአደን ዕቃ መሸጫ። ደረሰ በካልሲው ተቀምጧል። ጋሽ ተኪኤ የጫማ ካርቶን አቅፈው አጠገቡ ቆመዋል።]

ነገሩ ከአምና የመጣ ነው። የደረሰ ልጅ ዮሐና የሚኒሶታ ፈረንጅ አግብታለች፤ የባሏ አባት ሚስተር ዴል ደግሞ አጋዘን አዳኝ ነው። አምና አደን በሚፈቀድበት ወር፣ ኖቬምበር ላይ፣ ደረሰን ጫካ ወስዶ ዛፍ ላይ ከተሠራች ማማ አወጣው። ደረሰ አደን ማለት መሮጥ ይመስለው ነበር። ለካ ሳይናገሩ፣ ሳይነቃነቁ ቁጭ ብሎ መዋል ኖሯል። እግሩ መጀመሪያ ቀዘቀዘው፣ ቀጥሎ አመመው፣ በመጨረሻ ጭራሽ ጠፋበት። መኖሩን ለማረጋገጥ የማማውን ወለል ደለቀው። ሚስተር ዴል ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረው ባለቀንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ብቅ ያለው ልክ ያን ጊዜ ነበር፤ ዳግም አልታየም። ሰውዬው አልተቆጣም። እስከ ቤት ድረስ ዝም ብሎ ነዳ። ደረሰን ዓመቱን ሙሉ የበላው ያ ዝምታ ነው። ዘንድሮ እንደገና ሲጠራው፣ በልጁ ፊት እምቢ ማለት አቃተው።

ጋሽ ተኪኤ ኒው ሆፕ ከተማ ውስጥ ጎረቤቱ ናቸው። ከሆስፒታል ሥራ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ስለ ሚኒሶታ ብርድ የማያውቁት ነገር የለም፤ ቢኖርም እስካሁን ደፍሮ የነገራቸው ሰው የለም። ደረሰ እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ አስተርጓሚም መካሪም ይሁኑኝ ብሎ አመጣቸው።

ደረሰ፦ [ካርቶኑን እያገላበጠ] ይሄ የሴት ነው። ከአርባ በታች ይላል፤ የኔ እግር አርባ ሦስት ነው።

ተኪኤ፦ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እሱ የብርዱ ነው። ከዜሮ በታች እስከ አርባ ድረስ ይችላል ማለት ነው።

ደረሰ፦ አርባ አንድ ከሆነስ?

ተኪኤ፦ ያኔ አጋዘኑም አይመጣም።

ጺሙ ደረቱን የሸፈነ ሻጭ መጣና ለደረሰ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ቡት አጥልቆለት የሆነ ነገር አለ።

ደረሰ፦ ምን አለ?

ተኪኤ፦ ጣትህን አንቀሳቅስ አለ።

[ደረሰ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ለሻጩ አወዛወዘ። ሻጩ ትንሽ ግራ ገባው፤ ከዚያ በጨዋነት እሱም አወዛወዘለት።]

ተኪኤ፦ የእግርህን ነው።

ደረሰ፦ ጫማ ውስጥ ያለውን እንዴት አድርጎ ያየዋል?

ሻጩ በትዕግሥት አስረዳ። ጫማው ቦታ ይኑረው፣ ደሙ እንዲዘዋወር ጣቶቹ አይታፈኑ፣ ወፍራም ካልሲ አንድ ብቻ ይበቃል፣ የሚያሞቀው እግሩ ዙሪያ የሚቀረው አየር ነው አለ። ጋሽ ተኪኤ ይህን ሲተረጉሙ ፊታቸው እየተኮሳተረ ሄደ።

ደረሰ፦ የቱ አየር ነው የሚያሞቀኝ? ውጭ ያለው አየር እኮ ነው አምና የገደለኝ።

ተኪኤ፦ ተባረክ። እግር ማለት እንደ ጨቅላ ነው፤ ጥብቅ አድርገህ ካልጠቀለልከው አይሞቅም። ጠባብ ጫማ፣ ሦስት ካልሲ። አለቀ።

አላለቀም። ደረሰ በሰፊው ቡት ውስጥ ጣቶቹን ሲያላውስ አንድ ዓይነት ደስታ ተሰምቶታል፤ ግን ታላቁን ሰው ተሳስተዋል ማለት ከበደው። ጫማውን ሳያወልቅ ቀረ። ጋሽ ተኪኤ ነገሩ ገባቸው። አንተ የሻጩን ውሰድ፣ እኔ የራሴን እወስዳለሁ፣ ውጭ ተቀምጠን እንተያያለን፣ ቀድሞ የተነሳ ተሸናፊ ነው አሉ።

ዘንድሮ በረዶው ቀድሞ ጥሎ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ከአፓርታማው ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣ ሁለት ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። አዳኝ አያወራም ተብሎ ወሬ ተከለከለ። መኪናዋን ከበረዶ የምትጠርግ ጎረቤት ቁልፍ ጠፍቷችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ዝም አሏት። ሌላዋ ውሻዋን እየጎተተች መጣች። ውሻው የጋሽ ተኪኤን ጫማ አሸተተ፣ አሰበ፣ እግሩን አነሳ። ጋሽ ተኪኤ አልተነቃነቁም። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። ደረሰ በልቡ፣ አዳኝ ማለት እንዲህ ነው አለ። ቆይቶ ግን አላስችል አለው።

ደረሰ፦ [በሹክሹክታ] ጋሼ፣ ውሻው እግርዎ ላይ ሸናብዎት እኮ።

ተኪኤ፦ የቱ እግሬ ላይ?

ደረሰ፦ የግራው።

ተኪኤ፦ [ጎንበስ ብለው ሁለቱንም አዩ] የግራው የትኛው ነው?

ደረሰ ይህችን ነገር ያውቃታል። አምና ማማው ላይ እሱ ራሱ ነበረባት። ብድግ አለ።

ተኪኤ፦ ተነሳህ። ተሸነፍክ።

ደረሰ፦ እሺ ተሸንፌአለሁ። አሁን ይነሱ፣ እንግባ።

ተኪኤ፦ ያሸነፈ ሰው ምን ያስቸኩለዋል።

[ደረሰ የራሱን ወንበር አጣጠፈ።]

ተኪኤ፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ደረሰ፣ እግሬ ይታይሃል?

ደረሰ፦ ይታየኛል ጋሼ። እዚሁ ነው።

ተኪኤ፦ አንተ ካየኸው ይበቃል።

ደረሰ ጎንበስ ብሎ አዘላቸው። ጋሽ ተኪኤ ከጀርባው ላይ ሆነው ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ፣ የቱን እግር እንደሚያስቀድም እያስተማሩት ወጡ። የደረሰ ባለቤት ማሚት የበሩን ኳኳታ ሰምታ ከፈተች።

ማሚት፦ ምንድን ነው ይሄ?

ደረሰ፦ [እያለከለከ] አድኜ ነው።

ማሚት ሪዛቸው ላይ የተጋገረውን በረዶ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለውን እግራቸውን ቀስ ብላ አየች።

ማሚት፦ እንዲህ የሸመገለውን ማደን ክልክል አይደለም እንዴ?

ተኪኤ፦ [ከጀርባው ላይ ቀና ብለው] በኖቬምበር ይፈቀዳል።