አማቴና የኬቨን ሁለት ወንበር አውሮፕላን

እርስዎም እንደኔ ከሆኑ፣ ሰው ቤት ገብተው «ምሳ ይቅረብ?» ሲባሉ «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ማለትዎ አይቀርም። ሆድዎ እየጮኸም ቢሆን። ባለቤቱ ግን አያምንዎትም፤ «በሞቴ!» ይላል፤ እርስዎ ትንሽ ይግደረደራሉ፣ እሱ ይቆጣል፣ ከዚያ ሁሉም በልቶ ይጠግባል። ይህ ሥርዓታችን አዲስ አበባ ላይ እንከን አይወጣለትም። ሜልበርን ላይ ግን ጦም ያሳድራል።

አማቴ ጋሼ ወርቁ ሊጠይቁን መጥተው የሜልበርን ዳርቻ ሆፐርስ ክሮሲንግ እኛ ጋ ከረሙ። ጋሼ በጉብዝናቸው ወራት አብራሪ ሊሆኑ ተመዝግበው፣ «ዓይንዎ ደካማ ነው» ተብለው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልወጣላቸውም፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬያቸውን አቋርጠው፣ አንጋጠው ይሸኙታል። ጎረቤታችን ኬቨን ደግሞ የጡረታ ጊዜውን የሚያሳልፈው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለሽርሽር በተሠራች አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ነው። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያ የላትም፤ ክንፏ እንጨትና ጨርቅ ነው። ጋሼ ወደ አገር ቤት ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ አውሮፕላኗ ወደምትቆምበት፣ ከከተማ ወጣ ወዳለ የሣር ሜዳ ይዣቸው ሄድኩ።

ጋሼ ክንፏን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ። ኬቨን የፊተኛውን ወንበር እያሳየ «መብረር ይፈልጋሉ?» አላቸው፤ ተረጎምኩላቸው።

«ኧረ ተወው፣ በእኔ ምክንያት ለምን ይቸገራል» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። እኔ ሞኙ ይህንንም እንዳለ ተረጎምኩት።

«ኖ ዎሪስ» አለ ኬቨን፣ ችግር የለም ማለቱ ነው፤ ወንበሩንም በሸራ ይሸፍን ጀመር።

የጋሼን ፊት ባዩት! «በሞቴ» የሚል ሰው ጠበቁ፤ አልተገኘም። የዕድሜ ልክ ምኞታቸው በአንድ ትርጉም ሊቀር ሆነ። ሮጬ ኬቨንን ወደ ጎን ሳብኩትና «በፈጠረህ፣ እንደገና ጠይቃቸው! በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው 'አይ' አይቆጠርም። ደጋግመህ ለምናቸው» አልኩት።

እንደ እብድ አየኝ፤ ቢሆንም ጠየቀ። «አይሆንም፣ አይሆንም» አሉ ጋሼ፣ እግራቸው ግን ወደ አውሮፕላኗ እየተራመደ። ኬቨን ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ክንዳቸውን ይዞ ጎተታቸው። «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብለው ወጡ።

ሁለቱም ከመሬት ተነሡ። አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ ያዘኝ፤ ያቺ ጨርቅ አንድ ነገር ብትሆን ለሚስቴ ምን እላታለሁ? መንኮራኩሮቿ ሣሩን እስኪነኩ ድረስ በቅጡ አልተነፈስኩም። እፎይ! ጋሼ ፊታቸው በንፋስ ቀልቶ፣ እንባና ሣቅ ተቀላቅሎባቸው ወረዱ። «ያኔ ዓይንህ አያይም ያሉኝ እነማን ነበሩ? ባሕሩን እስከ ጥግ አየሁት እኮ!» አሉኝ። እኔም ሣቅሁ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ኬቨን ወደ እኔ ዞረ። «ያንተ ተራ።»

«አይ፣ አመሰግናለሁ፤ ከፍታ እፈራለሁ» አልኩት። ከልቤ ነበር። ፈገግ ብሎ እንደገና ጠየቀኝ። «የእውነቴን ነው!» አልኩ። ይሄኔ ክንዴን ያዘኝ። ያድኑኝ እንደሆነ ብዬ ወደ ጋሼ ዞርኩ። ጋሼ ኬቨን ለበረራው ያጠለቀላቸውን የቆዳ ቆብ ከራሳቸው አውልቀው ጭንቅላቴ ላይ ደፉልኝና «ሰው እንዲህ ሲለምን መግደርደር ነውር ነው» አሉኝ።

ሦስተኛውን «አይ» ያልኩት ከመሬት ከተነሣን በኋላ ነው።