ከአጥር ማዶ የመጣ ድንች

[በደቡብ ኮሪያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከሰሜኖቹ ድንበር ብዙ የማትርቅ የዓሣ አጥማጆች መንደር። ዛሬ ጠዋት ሰሜኖቹ አንድ ሚሳኤል ባሕር ውስጥ ጥለዋል። የመንደሩ ስልክ ሁሉ ለማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው ግን የለም፣ ለምደውታላ። ማ ዶክሱ፣ ሚስቱ የሞተችበት አዛውንት፣ በግቢው የእንጨት መደብ ላይ ጃንጊ የሚሉትን የኮሪያ ቼዝ ገበታ ዘርግቶ በሁለቱም ወገን ብቻውን ጠጠር ይገፋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲያሸንፉበትም ደስ አይልም። ከመከር ጀምሮ ያኮረፈው ጎረቤቱ ኦ ጊቾል፣ የመንደሩ ሁሉን አዋቂ፣ ድንች ጨብጦ በሩን በርግዶ ገብቷል። ጭቅጭቁ ተጀምሯል።]

ጊቾል፦ ድንች አይደለም ብለህ ልትከራከረኝ ነው?

ዶክሱ፦ ድንችነቱን አልካድኩም፣ ወንድም ጋሼ። ጥቃት አይደለም ነው ያልኩት።

ጊቾል፦ በአጥር ላይ በርሮ የሚስቴ የጎመን ኪምቺ ማሰሮ አጠገብ ወደቀ እኮ!

ዶክሱ፦ አጠገቡ ነው። አልነካውም። ሙከራ ነው።

ጊቾል፦ የምን ሙከራ?

ዶክሱ፦ ሰላማዊ።

ጊቾል፦ አታፍርም? ትናንትም ወርውረሃል! ከትናንት ወዲያም!

ዶክሱ፦ የከትናንት ወዲያው አልተሳካም። የራሴው ዶሮ ቤት ላይ ነው የወደቀው። ዶሮዋ ደንግጣ እስካሁን እንቁላል አልጣለችም።

ጊቾል፦ ዶሮዋን ተዋት! በምንድን ነው የምትወረውረው?

ዶክሱ፦ [በዓሣ ማድረቂያው ባላ ላይ የታሰረውን የብስክሌት ካላማዳሪ በአገጩ እያሳየ] በዚያ።

ጊቾል፦ [ሄዶ ላስቲኩን ጎተት አደረገው] አስተሳሰሩም አይረባም። ባላው ትንሽ ከፍ ቢል እኮ ሁለት እጥፍ ይሄድልሃል።

ዶክሱ፦ ከፍ ላድርገው?

ጊቾል፦ እንዳታደርገው! እኔ ስለማውቅ ነው። በወታደርነቴ ራዳር ጣቢያ ነበርኩ።

ዶክሱ፦ ወጥ ቤት አልነበሩም እንዴ?

ጊቾል፦ የራዳር ጣቢያው ወጥ ቤት! ምሳ ሲበሉ የሚያወሩትን ሁሉ እሰማ ነበር።

ዶክሱ፦ እንግዲያው ይንገሩኝ እስቲ። እነዚያ ሰሜኖቹ የሚወረውሩት ለምንድን ነው? ዓሣ ለመግደል ነው?

ጊቾል፦ [እንዲህ ከተጠየቀ ቆሞ አይመልስም። ጫማውን አውልቆ መደቡ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ] ወይ ጉድ! ዓሣ ለመግደል ይላል! አንተ ሰው፣ ዜና አትሰማም? እኔን ብታይ የብርዱን ወራት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳሁም። የሰማሁትን ጠዋት ማታ ለሚስቴ አስረዳታለሁ። አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ተመስጣ ነው።

ዶክሱ፦ ታድለዋል።

ጊቾል፦ የሚወረውሩት እንዲታዩ ነው። ዓለም ፊቱን አዞረባቸው፣ የሚያናግራቸው ጠፋ። ስለዚህ አንድ ነገር ያስወነጭፋሉ። ሰው በማይጎዳበት ቦታ፣ ግን ሰው ሁሉ እያየ።

ዶክሱ፦ ማሰሮ አጠገብ።

ጊቾል፦ ባሕር ውስጥ ማለቴ ነው!

ዶክሱ፦ ገባኝ። [ገበታው ላይ ሠረገላ የተባለውን ጠጠር ገፋ አደረገ] ከዚያስ?

ጊቾል፦ ከዚያማ ዓለም ያወግዛል። [ገበታውን አየት አድርጎ አንድ ፈረስ አነሳና አስቀመጠ] ማዕቀብም ይጣላል።

ዶክሱ፦ ማዕቀብ ምን ማለት ነው?

ጊቾል፦ እኔ አንተ ላይ የጣልኩት ነዋ! መሰላሌን አትዋስም። የሚስቴ ሾርባ በዚህ በር አይገባም።

ዶክሱ፦ እውነት ነው፣ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም።

ጊቾል፦ በማን ጥፋት? በመከር ጊዜ አንዷን ጠጠር ልመልስ ብለህ ድርቅ ያልከው አንተ! ጠጠር አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ!

ዶክሱ፦ መነጽሬን አላደረግኩም ነበር እኮ።

ጊቾል፦ እነሱም ሁልጊዜ ሰበብ አያጡም።

ዶክሱ፦ [መድፉን በፈረሱ ላይ አዘለለ] ታዲያ ማዕቀብ ሲጣልባቸው ያቆማሉ?

ጊቾል፦ ማን ሊያቆም! የባሰ ትልቅ ይወረውራሉ እንጂ።

ዶክሱ፦ ኒውክሌሩንስ?

ጊቾል፦ እሱ አይወረወርም፣ ሞኝ! ከመሬት በታች ይቀመጣል። እንዳለህ ሰው ይወቅልህ እንጂ፣ በቃ፣ ይፈራሃል።

ዶክሱ፦ [በእጁ ወደ መደቡ ሥር እያመለከተ] እኔም ዱባውን እዚያ ነው ያስቀመጥኩት።

ጊቾል፦ [ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ያለው ቀስ ብሎ ነው] ይሄን የሚያህል?

ዶክሱ፦ አልወረውረውም። እንዳለኝ ይታወቅ ብዬ ነው።

ጊቾል፦ [ወደ ማሰሮው አቅጣጫ ተመለከተ] ቆይ፣ ቆይ። ሊቃውንቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንድን ነው? ማን ነው የሚያቀብላቸው ነው የሚሉት። ሁሌም ከጀርባ አንድ የሚያቀብል አለ! አንተ ዘንድሮ ድንች አልተከልክም።

ዶክሱ፦ ጉልበቴን አሞኝ ነበር።

ጊቾል፦ ታዲያ ይሄ ድንች ከየት መጣ?

ዶክሱ፦ ንጉሥዎን ይጠብቁ፣ ወንድም ጋሼ። ሊያዝ ነው።

ጊቾል፦ የት አባቱ! [ገበታው ላይ አጎነበሰ፤ ድንቹን ረሳው] እንዴት ሆኖ? በየት በኩል? [ንጉሡን አሸሸ] እሺ፣ አለፈ። [ዶክሱ ከገፋ በኋላ ዝሆኑን አነሳ] ታላላቆቹ መንግሥታት ግን ስህተታቸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ዶክሱ፦ ምንድን ነው?

ጊቾል፦ መጨረሻ ላይ ሄደው አብረው ይቀመጣሉ! የወረወረብህ ሰው ጋ ሄደህ ጠረጴዛ ከቀረብክ አበቃ፣ አሸነፈህ። እኔ ብሆን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልቀመጥም!

[ዶክሱ ከመደቡ ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡትን የጊቾልን ጫማዎች ተመለከተ። ጊቾልም አየ። ጫማውን አየ፣ ገበታውን አየ፣ በእጁ የያዘውን ዝሆን አየ።]

ጊቾል፦ አንተ።

ዶክሱ፦ አቤት፣ ወንድም ጋሼ።

ጊቾል፦ ድንቹ ለዚህ ነበር?

ዶክሱ፦ በር ባንኳኳ አልከፍት አሉ። መንገድ ላይ ሰላም ብልዎ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ሚስቴም የለች፣ ከማን ጋ ልጫወት? ብቻዬን በሁለቱም ወገን ስገፋ ከረምኩ። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ድንች ስወረውር ግን ካልሲዎን እንኳ ሳያደርጉ ሮጠው መጡ።

ጊቾል፦ [ባዶ እግሩን ከመደቡ ጨርቅ ሥር ደበቀ] ቴሌቪዥን መቼም ጃንጊ አይጫወትም። እኔም ናፍቆኝ ነበር። [ዝሆኑን አስቀመጠ። ወዲያው ጮኸ] ኧረ ቆይ! መድፍህን አላየሁትም! እሷን ልመልስ!

ዶክሱ፦ ጠጠር አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ።

ጊቾል፦ መነጽሬን ረስቼ ነው የወጣሁት!

ዶክሱ፦ እንደራደር። ማዕቀቡ ይነሳ።

ጊቾል፦ ተነሳ!

ዶክሱ፦ ሾርባውም ከእንግዲህ በፊት ለፊት በር ይግባ።

ጊቾል፦ ይግባ! [ዝሆኑን ለቀም አድርጎ ከመለሰ በኋላ እጁ አየር ላይ ቀረ] ከእንግዲህ? እስካሁንስ በየት ነበር የሚገባው? ድንቹንስ ማነው የሚያቀብልህ?

[ዶክሱ አፉን ሊከፍት ሲል ከአጥሩ ማዶ የጊቾል ሚስት ድምፅ ተሰማ።]

የጊቾል ሚስት፦ ዶክሱ! ከተቀመጠልህ እስከ ማታ እንዳትለቀው፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ጋደም ልበል! ነገም አልመጣም ካለህ በጓሮ ብቅ በል፣ ገና አንድ ጆንያ ድንች አለኝ!